«በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»
ዓይናችንም ኮምፒውተሩም ሲሳሳቱ

በየብሎካችን ጠብ ተነስቶ ነገሩ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ክርክሩን ብዙ ጊዜ የምትዘጋው አንዲት አባባል ናት፤ «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!» ከዚች በኋላ ተከሳሹ ቢምል ቢገዘት ሰሚ አያገኝም። ጆሮ የሰማው ወሬ ነው፣ ሐሜት ነው ይባላል፤ ዓይን ግን አይዋሽም ብለን እናምናለን። አሁን ደግሞ ሌላ ምስክር ተጨምሮልናል። ጣት አስነክቶ ወይም ፊትና ዓይን ፎቶ አንስቶ «እሱ ነው»፣ «እሱ አይደለም» የሚል ማሽን መጥቷል። እሱም እንደ ሰው «አይቻለሁ» ሲል ማን ይከራከረዋል?

እኔ የማስተምረው ሳይንስ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ዓይን ያለው ምዕራፍ አጭር ነው፤ በሁለት ክፍለ ጊዜ ያልቃል። «ዓይን እንደ ካሜራ ነው» ይላል። ሌንስ አለው፣ ከኋላ ምስሉ የሚያርፍበት ሬቲና አለው፣ አበቃ። ይህ ውሸት ባይሆንም ግማሽ ነው። ያልተነገረው ግማሽ ደግሞ ሰው ያለ ጥፋቱ እስር ቤት ሊያስገባ የሚችለው ነው። ዛሬ ስለዚያኛው ግማሽ ላጫውታችሁ።

እስቲ መጀመሪያ በራሳችሁ ሞክሩት። ነጭ ወረቀት አምጡና በግራ በኩል ትንሽ የመስቀል ምልክት አድርጉ። ከሱ ወደ ቀኝ አራት ጣት ያህል (ስምንት ሳንቲ ሜትር ገደማ) ራቅ ብላችሁ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አድርጉ። ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑ። በቀኝ ዓይናችሁ መስቀሉን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ከሩቅ ወደ ፊታችሁ ቀስ አድርጋችሁ አምጡት። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነጥቡ ድንገት ይጠፋል። ጠጋ ስታደርጉት ተመልሶ ይመጣል። ልጆች ይህን ሲያዩ ይጮኻሉ፤ አዋቂም ይጮኻል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የዕይታ ነርቭ ከዓይን ወጥቶ ወደ አንጎል በሚሄድበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ህዋስ የለም። ይህን ያገኘው ኤድም ማርዮት የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ። እኔን የሚገርመኝ ግን የነጥቡ መጥፋት አይደለም። ነጥቡ ሲጠፋ በቦታው ጥቁር ቀዳዳ አይታይም፤ ነጭ ወረቀት ነው የሚታየው። ያንን ነጭ ማን አመጣው? አንጎል ነዋ! ዙሪያውን አይቶ «እዚህም ነጭ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ሞላው፤ ሳይጠይቀን፣ ሳይነግረን። ይህ ጉድለት ከተወለድን ጀምሮ በሁለቱም ዓይኖቻችን ውስጥ አለ። አንድ ቀን እንኳ ልብ አላልነውም።

ሌላም አለ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር እዩት። በአንድ ጊዜ ጥርት አድርገን የምናየው ያቺን የምታህል ቦታ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ብዥታ ነው። ዓይናችን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ እየዘለለ ይለቃቅማል፤ አንጎል የተለቀመውን ይገጣጥምና አንድ ሙሉ ስዕል አድርጎ ያቀርብልናል። እኛም ሁሉንም ያየን ይመስለናል።

አንጎል የጎደለውን የሚሞላው ካለፈው ልምዱ ተነስቶ ነው። አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ያሉት ስለ ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። ልጡ ማታ መንገድ ላይ ተጠማዞ ተኝቷል። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ወደ ዓይን የሚደርሰው መረጃ ጥቂት ነው፤ አንድ ረጅም ጠማማ ነገር መኖሩን ብቻ ነው የሚናገረው። እባብ የሚያደርገው ትናንት ያየነው እባብ ነው። እዚህ በቀትር ሙቀት ከፊታችን ሜዳው ላይ የሚያብረቀርቀው «ውሃ»ም እንዲሁ ነው። መሬቱ ሲግል ከመሬት የተጠጋው አየር ይሞቃል፤ ከላይ ያለው ቀዝቀዝ ይላል። ከሰማይ የሚመጣው ብርሃን በዚያ ሙቅ አየር ውስጥ ሲያልፍ ወደ ላይ ይታጠፍና ዓይናችን ይደርሳል። ካሜራም ብታነሱት ያንኑ ነው የሚያነሳው፤ እዚህ ላይ ዓይን አልተሳሳተም። መሬት ላይ የሚያብረቀርቅ ሰማይ ሲያይ «ውሃ» ብሎ የሚተረጉመው አንጎላችን ነው።

ልምድ ምን ያህል እንደሚገዛን የምትናገር አንዲት ታሪክ አለች። ኮሊን ተርንቡል የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በኮንጎ ኢቱሪ ደን ከምቡቲ ሕዝብ ጋር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1961 መጽሐፍ አሳትሟል። ኬንጌ የሚባል የምቡቲ ወጣት ወዳጅ ነበረው። ኬንጌ ዕድሜውን ሙሉ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ነው የኖረው፤ እዚያ ደግሞ ሩቅ የሚባል ነገር የለም፣ ዛፍ ይጋርዳል። ተርንቡል አንድ ቀን ወደ ሰፊ ሜዳ ይዞት ሄደ። በሩቅ ጎሾች ይግጣሉ። ኬንጌ አያቸውና «እነዚያ ምን ዓይነት ነፍሳት ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ጎሽ ናቸው ቢባል ሳቀ፤ ውሸት ነው አለ። በመኪና እየቀረቡ ሲሄዱ «ነፍሳቱ» እየተለቁ መጡበትና አስማት ነው ብሎ ጠረጠረ። የኬንጌ ዓይን ምንም ጉድለት የለበትም፤ በደኑ ውስጥ እኛ የማናየውን እንስሳ ያያል። የጎደለው ከሩቅ የማየት ልምድ ነበር። መቼም የአንድ ሰው ታሪክ ለሁሉም ማስረጃ አይሆንም። ቢሆንም ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች።

ባለፈው ዓመት ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ሞክሬ ነበር። ከሌላ ክፍል አንድ ልጅ ጋር ተነጋግሬ በትምህርት መሃል ድንገት ገብቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የጠመኔ ካርቶን አንስቶ እንዲሮጥ አደረግኩ። ክፍሉ ተንጫጫ፤ ሁለት ልጆች ሊያሯሩጡት ተነሱ። አስቀመጥኳቸውና «ማንም ሳያወራ ያየውን ይጻፍ» አልኳቸው። ልጁ ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር የለበሰው። ሰማያዊ ያለ አለ፣ ጥቁር ያለ አለ፣ አረንጓዴ ያለም አለ። ራሱ ላይ ምንም ሳይኖር ቆብ ያደረጉለት አሉ። ከወረቀቶቹ መሃል አንዱ ግን እስካሁን ከልቤ አልወጣም። «ያየሁት እገሌን ነው» ብሎ የአንድ ልጅ ስም ጽፏል። ያ ልጅ በሰፈሩ በነገረኝነት ስሙ የተነሳ ነው፤ በዚያን ቀን ግን ወባ ይዞት ቤቱ ተኝቶ ነበር። ጻፊው ውሸታም አይደለም፤ ጎበዝ ተማሪ ነው። ሲሮጥ ጀርባውን ብቻ ስላየ ፊቱን አንጎሉ ሞላለት። የሞላው ደግሞ ሲወራ በሰማው ስም ነው።

ይህ ጨዋታ ስለነበር ተሳስቀን አለፍን። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ የሆነው ግን ጨዋታ አልነበረም። አንዲት የ22 ዓመት ተማሪ በሌሊት ቤቷ ሰብሮ የገባ ሰው ደፈራት። ብትተርፍ እንድትለየው ብላ ሆን ብላ ፊቱን ታጠናው ነበር። በኋላ ፖሊስ ከደረደረላቸው ፎቶዎች፣ ቀጥሎም በአካል ከተሰለፉ ሰዎች መሃል ሮናልድ ኮተን የተባለውን ወጣት መረጠች። ያስቀደመችው ፎቶና በአካል የመረጠችው ሰው አንድ መሆኑን ፖሊሶቹ ሲነግሯት እርግጠኝነቷ ጨመረ። በፍርድ ቤትም ያለ ጥርጥር መሰከረች። የእውነተኛው ወንጀለኛ ስም ከጊዜ በኋላ ተነስቶ እሱን ራሱን ፍርድ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ብታየውም «ይህን ሰው አይቼው አላውቅም» አለች። ኮተን አሥር ዓመት ከታሰረ በኋላ በ1995 በዲኤንኤ ምርመራ ንጹህ መሆኑ ተረጋግጦ ተፈታ። እሷ አልዋሸችም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። እዚያው አሜሪካ በዲኤንኤ ነፃ ከወጡት ከ300 በላይ እስረኞች መሃል ከአሥሩ ሰባት ያህሉ የታሰሩበት ነገር ውስጥ የተሳሳተ የዓይን ምስክር አለበት።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎቻችን ቢያውቁት የምለው አንድ የሳይንስ ነገር አለ። ሬቲናችን ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ህዋሳት አሉ። ቀለም የሚለዩት ብዙ ብርሃን ይፈልጋሉ። በጨለማ የሚሠሩት ሌሎቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ቀለም አያውቁም። ስለዚህ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ያለ ባትሪ፣ «ቀይ ሹራብ ለብሶ ሲሮጥ አየሁት» የሚል ምስክር ቢመጣ የሹራቡን ቀለም ከዓይኑ አላገኘውም። ምናልባት ቀን ያየው ሹራብ ይሆናል፤ ምናልባት ሰው የነገረው። ከየት ቆመህ አየህ? ስንት እርምጃ ይርቃል? መብራቱ ከየት ነበር? የእገሌን ስም ከማየትህ በፊት ነው የሰማኸው ወይስ በኋላ? ተብሎ ቢጠየቅ ምስክሩን መናቅ አይደለም። አንድን ልጅ ብቻውን አቁሞ «እሱ ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ ግን መልሱን አብሮ ማቅረብ ነው።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ስዕል ሲያይ እንዴት ነው የሚያየው? ለእሱ ፎቶ ማለት የቁጥር ሰንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ ምን ያህል ብሩህ እንደሆነች የሚናገር ቁጥር። ድመት ጆሮዋ እንዲህ፣ ጭራዋ እንዲህ ነው ብሎ የሚያስረዳው የለም። ስማቸው የተጻፈባቸው ፎቶዎች በገፍ ይቀርቡለታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለምን ያስደነቀው ፕሮግራም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፎቶ ነበር የተማረበት። ሲሳሳት ውስጡ ያሉት ቁጥሮች ትንሽ ትንሽ ይስተካከላሉ፤ ይህ እየተደጋገመ ብዙውን መመለስ ይጀምራል። በምን ምልክት እየለየ እንደሆነ ግን የሠሩት ሰዎች እንኳ ሁልጊዜ አያውቁም።

በ2016 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ለማሳየት አንድ ተንኮል ሠሩ። ተኩላ ከውሻ የሚለይ ፕሮግራም አሰለጠኑ፤ የተኩላዎቹን ፎቶ ግን ሆን ብለው በረዶ ላይ ያሉትን ብቻ መረጡ። ፕሮግራሙ ጥሩ የሚለይ መሰለ። ሲመረመር የሚያየው እንስሳውን ሳይሆን በረዶውን ሆኖ ተገኘ። በረዶ ላይ የቆመ ውሻ ሲቀርብለት «ተኩላ» ይላል። ከኔ ተማሪ በምን ይለያል? እሱም የሚሮጥ ጀርባ ሲያይ ስም የጠፋበትን ልጅ ነው ያየው።

ማሽኑ ሰው ፈጽሞ የማይሳሳተውንም ይሳሳታል። በ2014 መጨረሻ የጉግል ተመራማሪዎች ፓንዳ የሚባለውን የቻይና ድብ ፎቶ ወስደው ሰው ሊያየው የማይችል ጥቃቅን ለውጥ ጨመሩበት። ለእኛ ያው ፓንዳ ነው። ፕሮግራሙ ግን መጀመሪያ በ57.7 በመቶ እርግጠኝነት «ፓንዳ» ያለውን አሁን በ99.3 በመቶ እርግጠኝነት «ጊቦን» አለው፤ ጊቦን ጭራ የሌለው የእስያ ጦጣ መሳይ ነው። ልብ በሉ፣ ሲሳሳት እርግጠኝነቱ ጨመረ። በ2017 ደግሞ የኤምአይቲ ተማሪዎች ልዩ ቀለም ያላት የፕላስቲክ ኤሊ በማተሚያ ማሽን ሠሩ። ፕሮግራሙ ኤሊዋን ከየትኛውም ወገን ሲያያት ማለት ይቻላል «ጠመንጃ» ይላል! ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዷ «ቲቸር፣ ታዲያ ጠመንጃውን ኤሊ ቢለውስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ከመልሴ ይበልጥ ነበር።

አሁን የኬንጌን ነገር አስታውሱ። በ2018 ሁለት ሴቶች አንድ ጥናት አወጡ። አንዷ ጆይ ቦላምዊኒ ትባላለች፤ ትውልደ ጋና ናት። ሌላዋ ትምኒት ገብሩ ናት፤ አዲስ አበባ ከኤርትራውያን ወላጆች ተወልዳ፣ በሁለቱ አገሮች ጦርነት ጊዜ በልጅነቷ ተሰድዳ አሜሪካ ጥገኝነት ያገኘች የእኛው ቢጤ ስደተኛ። ፊት አይተው ወንድ ወይም ሴት የሚሉ የሦስት ትላልቅ ኩባንያዎች ፕሮግራሞችን ፈተኑ። የተጠቀሙት የ1,270 የፓርላማ አባላትን ፎቶ ነው፤ ከሩዋንዳ፣ ከሴኔጋልና ከደቡብ አፍሪካ፣ እንዲሁም ከአይስላንድ፣ ከፊንላንድና ከስዊድን። መልካቸው ፈካ ያለ ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ0.8 በመቶ አላለፈም። መልካቸው ጠቆር ያለ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ከሦስት እህቶቻችን አንዷን «ወንድ ናት» አለ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያሉ ማሽኖች ይፈተኑባቸው የነበሩት የፎቶ ስብስቦች በአብዛኛው ፈካ ያለ መልክ ያላቸው ሰዎች የሞሉባቸው ነበሩ። ኬንጌ ሜዳ ሳያይ እንዳደገ ማሽኑም እኛን ሳያይ አደገ። ደስ የሚለው፣ ጥናቱ ከወጣ በኋላ ኩባንያዎቹ ፕሮግራሞቻቸውን አሻሽለው በድጋሚ ሲፈተኑ ስህተታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። አንድ ሰው ቆጥሮ እስኪያሳያቸው ድረስ ግን አላዩትም።

የሚያስፈራው የዓይንና የማሽን ስህተት ሲደጋገፉ ነው። በጥር 2020 በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ አቅራቢያ ሮበርት ዊሊያምስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በሁለት ልጆቹና በሚስቱ ፊት በካቴና ታስሮ ተወሰደ። ክሱ ከአንድ ሱቅ የእጅ ሰዓቶች ሰርቀሃል የሚል ነው። ፖሊስ የሱቁን ካሜራ ብዥ ያለ ምስል ለኮምፒውተር ሰጠ፤ ኮምፒውተሩ የዊሊያምስን ፎቶ አወጣ። ፖሊስ ያንን ፎቶ ከሌሎች ጋር ደርድሮ ለአንዲት የጥበቃ ሠራተኛ አሳያት፤ እሷም መረጠችው። ታዲያ ይህች ሴት ስርቆቱ ሲፈጸም እዚያ አልነበረችም፤ ያየችው ቪዲዮውን ብቻ ነው! ማሽኑ መጀመሪያ የሚመስለውን ሰው መረጠ፤ ሰው ደግሞ መመሳሰሉን አይቶ አጸደቀ። ዊሊያምስ ሠላሳ ሰዓት ያህል ታሰረ። በ2024 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ የከተማው ፖሊስ ማሽኑ ባወጣው ፎቶ ብቻ ሰው እንዳያስር ተስማምቷል።

እኛስ ጋ? በካኩማና በዳዳብ ራሽን በጣት አሻራ እየተለየ መታደል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ነው፤ በብዙ ካምፖችም በምዝገባ ጊዜ አሥሩም ጣትና የሁለቱ ዓይን አሻራ ይወሰዳል። ይህ የዓይን አሻራ የሚሉት የዓይናችን ባለ ቀለሙ ክፍል ፎቶ ነው። ብዙ ሰው ማሽኑ ጣቱን «ያውቀዋል» ብሎ ያስባል። ማሽኑ ግን የሚያደርገው ማመሳሰል ነው። የአንድ ሰው አንድ ጣት እንኳ ሁለት ጊዜ ቢነካ ሁለቱ ምስሎች ፍጹም አንድ አይሆኑም፤ አጫጫኑ ይለያያል፣ ላብና አቧራ አለ። ስለዚህ ማሽኑ «ይህን ያህል ይመሳሰላሉ» ብሎ ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚህ በላይ ከሆነ ይለፍ፣ ከዚህ በታች ከሆነ ይመለስ የሚለውን ልክ የሚወስነው ሰው ነው። ልኩ ከፍ ካለ የሌላውን ስም ይዞ የመጣ አያልፍም፤ እውነተኛው ባለቤትም አንዳንዴ ይመለሳል። ዝቅ ካለ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሁለቱንም ስህተት አንድ ላይ ዜሮ የሚያደርግ ልክ የለም። ስለዚህ ማሽኑ ቀይ ሲያበራ «ሌባ» ማለቱ አይደለም፤ ከኋላ የተሰለፍነውም እንዲህ ብለን ማንሾካሾክ የለብንም።

አሻራ ደግሞ ያልቃል። ሲሚንቶ ያቦካ፣ ድንጋይ የፈለጠ፣ ዕድሜ ልኩን ልብስ ያጠበ ሰው የጣቱ መስመር ይፋቃል፤ እርጅናም ቆዳውን ያደርቀዋል። ጎረቤቴ እማማ (ስማቸውን ልተወው) ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ጣታቸው አልነበብ ብሎ ጥላ በሌለበት ሲንገላቱ ውለዋል። «ልጄ፣ እኔ መሆኔን ለማን ልንገር?» ይሉኝ ነበር። የተመዘገበው አንድ ጣት ብቻ እንዳልሆነ ነግሬያቸው በሚቀጥለው ዕደላ አብሬያቸው ሄድኩ። እጃቸውን ታጥበው አቧራውን አስለቀቁ። የቀኝ አውራ ጣት እንቢ አለ፣ ጠቋሚውም እንቢ አለ። «ሌላውንም ይሞክሩላቸው» ብለን ለመንን። ዕድሜ ልካቸውን ዘነዘና የያዙት ጣቶች ሁሉ ተራ በተራ ወደቁ። በመጨረሻ አረንጓዴ ያበራችው የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ናት። እማማ ጣቷን ወደ ላይ አንስተው አዩዋትና «ይቺማ ሥራ የማታውቅ ሰነፏ ናት!» ብለው ሰልፉን ሁሉ አሳቁት።